ከኦስሎ ጫካ እስከ ሃርዳንገርቪዳ፦ የኖርዌይ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፤ ኦስሎ

ነሐሴ ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ኦስሎ ገባሁ። የመጣሁት የስካንዲኔቪያ ሰዎች፣ በተለይም ኖርዌያውያን፣ ፍሪሉፍትስሊቭ የሚሉትን ከቤት ውጭ የሚያሳልፉትን ኑሮ በቅርብ ለማየት ነው። በጫካ፣ በተራራ፣ በሐይቅና በባሕር ዳርቻ፣ ያለ ውድድርና ያለ ሞተር፣ በእግር ወይም በስኪ (በበረዶ መንሸራተቻ) መዋልና ማደር የዚህ አገር ሰው የዘወትር ልማድ መሆኑ በሰፊው ይነገራል። ከመነሳቴ በፊት ያነበብኳቸው አብዛኞቹ ጽሑፎች ነገሩን የሕዝቡ የተፈጥሮ ጠባይ አድርገው ያቀርቡታል። እኔ ግን ዱካውን ማን እንደሚያቀና፣ ድልድዩን ማን እንደሚዘረጋ፣ ሁሉም የሚረግጠው መሬት የማን እንደሆነና ይህን ሁሉ ምን አጽንቶ እንደሚያቆየው ማወቅ ፈለግሁ።

ያረፍኩት በእህቴ ልጅ ቤት ነው። እሷና ባለቤቷ እዚህ አገር ከገቡ ረዘም ያለ ጊዜ ሆኗቸዋል፤ አንድ የአራት ዓመት ወንድ ልጅም አላቸው። የመጀመሪያዎቹን ክረምቶች ከሥራ ቦታ በቀር ከቤት ሳትወጣ እንዳሳለፈቻቸው አጫወተችኝ። ከቤት ያስወጣት ልጇ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ የተላከላት የልብስ ዝርዝር ነው። ከሥር የሚለበስ የሱፍ ካናቴራና ሱሪ፣ የሱፍ ካልሲ፣ የዝናብ ቱታ፣ የጎማ ቦት ጫማ፣ ውኃ የማያስገባ ጓንት፣ ለሁሉም ደግሞ ቅያሪ እንድታመጣ ታዝዛለች። «ጋሼ፣ ለልጁ ይህን ሁሉ ገዝቼ ለራሴ አንድ ደህና ካፖርት እንኳ እንዳልነበረኝ ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት» አለችኝ። በመግቢያው ኮሪደር የተሰቀለው የቤተሰቡ የዝናብ ልብስ አሁን አንዱን ግድግዳ ሞልቶታል።

ዓርብ፤ ኦስሎ

ጠዋት ልጁን ለማድረስ አብሬያት ሄድኩ፤ መምህራኑም ፈቅደውልኝ እስከ ቀትር ቆየሁ። መዋዕለ ሕፃናቱ ከከተማው ዳር፣ ጫካው ከሚጀምርበት ዳገት ሥር ይገኛል። በኖርዌይ ልጆች ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜያቸው መዋዕለ ሕፃናት ይውላሉ፤ ከቤት ውጭ መዋል በሁሉም ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ አብዛኛውን ቀን በጫካ የሚያሳልፉም አሉ። ዝናብ ቢዘንብም ይወጣሉ። «መጥፎ አየር የለም፤ መጥፎ ልብስ እንጂ» የሚል አባባል አላቸው፤ በራሳቸው ቋንቋ ቤት ይመታል።

ካየሁት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ቢላዋው ነው። አንዲት አምስት ዓመት የሞላት ልጅ በወደቀ ግንድ ላይ ትንሽ የስፖንጅ መቀመጫዋን አንጥፋ፣ አጭር ቢላዋ ይዛ፣ የበርች እንጨት ትልጥ ነበር። ሥርዓቱ ግልጽ ነው፦ ቢላዋ የያዘ ልጅ ይቀመጣል፤ ቆሞ አይሄድም፤ ስለቱን ከሰውነቱ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ክንዱን ሲዘረጋ በሚደርስበት ርቀት ውስጥ ሌላ ልጅ አይቀመጥም። መምህሩ ከጎኗ ተንበርክኮ ዓይኑን ሳይነቅል ይመለከታታል፤ እጁን ግን አላስገባም። እንጨቱ ጫፉ ሹል እስኪሆን ድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀባት፤ ማንም አላጣደፋትም። በረንዳው ላይ ደግሞ ሕፃናቱ በጋሪዎቻቸው ውስጥ፣ በሱፍ ተጠቅልለው፣ አየሩ እየነፈሰባቸው ተኝተዋል። ቅዝቃዜ ሕፃን ያሳምማል ብለን ላደግን ሰዎች ይህ በመጀመሪያ ያስደነግጣል፤ የእህቴ ልጅም እንዲህ ማስተኛቱን ለመልመድ አንድ ክረምት ፈጅቶባታል።

ጎረቤት ስዊድን በዚህ ረገድ ቀደም ያለ ታሪክ አላት። ዮስታ ፍሩም የተባሉ ሰው በ1957 (እዚህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስኩግስሙለ የተባለ የጫካ ገጸ ባሕርይ ፈጥረው ልጆችን ተፈጥሮን ማስተማር ጀመሩ። በዚሁ መሠረት ላይ በ1985 ልጆች ቀኑን በጫካ የሚውሉበት መዋዕለ ሕፃናት ተከፈተ። ልማዱ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው በደም ሳይሆን እንዲህ ባለ ትዕግሥት በተሞላ ትምህርት መሆኑን ለመረዳት ያችን ልጅ ለጥቂት ደቂቃ መመልከት ይበቃል።

ቅዳሜ፤ ኦስሎ

የስንቅና የልብስ ቀን ነበር። ዕቃ በነፃ ወደሚያውሱበት ቡአ ወደተባለው ቦታ ሄድን፤ የጀርባ ቦርሳ፣ ስኪ፣ የእግር ጉዞ ጫማና ድንኳን ሳይቀር ማንም ሰው ተመዝግቦ ይዋሳል። ገንዘብ የሌለው ሰው ከተራራ እንዳይቀር ታስቦ የተደራጀ በመሆኑ ለስደተኛ ቤተሰቦች ትልቅ መንገድ ከፍቷል። ማታ ደግሞ የእህቴ ልጅ ጎረቤት የሆኑትንና በመጪው ሳምንት ይዘውኝ የሚጓዙትን ጡረታ የወጡ መምህርት ተዋወቅሁ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መንገዱን በጣታቸው ካሳዩኝ በኋላ፣ ጫማዬን አገላብጠው ከተመለከቱት በኋላ ብቻ «እንሄዳለን» አሉኝ።

እሁድ፤ ኑርድማርካ

በኖርዌይ እሁድ ቀን አብዛኛው ሱቅ በሕግ ዝግ ነው። ከተማው ጸጥ ሲል የሜትሮው መስመር ቁጥር 1 ግን በቤተሰብ ተሞልቶ ወደ ላይ ይወጣል። የመጨረሻው ጣቢያ ፍሮግነርሰተረን ይባላል፤ ከባቡሩ ወርደው ጥቂት እንደተራመዱ ጫካው ይጀምራል። ይህ ጫካ ኦስሎን ከሚከብበውና 1,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ካለው ማርካ ከሚባለው ምድር አንዱ ክፍል ነው። በ2009 የወጣው የማርካ ሕግ በውስጡ ቤት መሥራትን በመርሕ ደረጃ ይከለክላል። ዋና ከተማ እየሰፋና የቦታ ዋጋ እየናረ ባለበት ዘመን ጫካውን ለመሬት ገበያ አልሰጥም ብሎ ሕግ ማውጣት ቀላል ውሳኔ አይደለም። አዲስ አበባ ዳር ዳሯን ስትበላ እያየ ለኖረ ሰው ይህ ውሳኔ ትልቅ ክብር የሚገባው ነው።

ወደ ኡለቮልሰተር በሚወስደው መንገድ ሽማግሌዎች፣ ጋሪ የሚገፉ አባቶችና ቅርጫት የያዙ ሴቶች ያልፉናል። በሜትሮው ውስጥ ዓይን ለዓይን የማይተያዩት እነዚሁ ሰዎች በጫካው ውስጥ ለማያውቁት ሰው ሰላምታ ይሰጣሉ። የእህቴ ልጅ ልጇን ብሉቤሪ ለማስለቀም ከመንገዱ ወጣ ስትል፣ ባለመሬቱ ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። አላወቀችም፤ ማወቅም አያስፈልጋትም።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ከጥንት ጀምሮ በልማድ የኖረው የመተላለፍ መብት በ1957 በወጣው የቤት ውጭ ሕይወት ሕግ ጸንቷል። ሕጉ መሬትን ለሁለት ይከፍላል፦ የታረሰ፣ የታጨደና የቤት ግቢ የሆነው አንድ ወገን፣ ጫካ፣ ተራራ፣ ረግረግና የባሕር ዳርቻ የሆነው ሌላ ወገን። በሁለተኛው ወገን ባለቤቱ የግል ሰውም ሆነ መንግሥት ማንኛውም ሰው በእግር ማለፍ፣ ማረፍ፣ ማደር፣ የዱር ፍሬና እንጉዳይ መልቀም ይችላል። በታረሰው መሬት ላይ እንኳ ከጥቅምት 14 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ማሳው በረዶ ሲለብስ ወይም መሬቱ በውርጭ ሲጠጥር መሻገር ይፈቀዳል። ዜግነት አይጠየቅም፤ እኔ ትናንት የገባሁት እንግዳም ሆንኩ እዚያው ተወልዶ ያረጀው ሰው በዚህ ረገድ እኩል ነን።

መብቱ ግን ግዴታ አለበት፤ ግዴታውም በሜትርና በቀን የተለካ ነው። ድንኳን ሰው ካለበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር መራቅ አለበት፤ ከከፍተኛ ተራራና ከሩቅ ስፍራ በቀር በአንድ ቦታ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከሁለት ቀን በላይ አይታደርም። ከሚያዝያ 15 እስከ መስከረም 15 በጫካ ወይም በአጠገቡ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ አደጋ እንደማያስከትል ግልጽ የሆነበት ቦታ ብቻ ይለያል። አደን በዚህ መብት ውስጥ አይገባም፤ በወንዝና በሐይቅ ዓሣ ማጥመድም ፈቃድ ይጠይቃል። በሰሜን ባሉ አውራጃዎች ክላውድቤሪ የተባለውን ውድ ፍሬ ባለመሬቱ እንዳይለቀም ሊከለክል ይችላል፤ እዚያው ቆሞ የሚበላውን ግን አይከለከልም። ስዊድኖች ደግሞ ሁሉን በአንድ ሐረግ ያጠቃልሉታል፦ አትረብሽ፣ አታበላሽ።

ከሰዓት በኋላ ሶንስቫን ሐይቅ ወረድን። ልጁ ቅርጫቱን ግማሽ ድረስ ሞልቶታል።

ሰኞ፤ ፊንሰ

ጠዋት ከመምህርቷ ጋር በ1909 የተመረቀውን የበርገን ባቡር ተሳፈርን። ፊንሰ 1,222 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ የኖርዌይ ከፍተኛዋ የባቡር ጣቢያ ናት። የመኪና መንገድ ስለማይደርስባት ከባቡር የወረደ ሰው የሚሰማው ነፋስና የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ዛፍ የለም። ከሐይቁ ባሻገር የሃርዳንገርዮኩለን የበረዶ ግግር በተራራው ራስ ላይ ተዘርግቶ ይታያል።

ማታ በምናድርበት የተጓዦች ጎጆ የመመገቢያ አዳራሽ መምህርቷ ስለ ማኅበራቸው አጫወቱኝ። የኖርዌይ ተጓዦች ማኅበር በ1868 የተመሠረተው በባለ ባንኩ ቶማስ ሄፍትየ አነሳሽነት ነው፤ በዚያው ዓመት በርዩካን ፏፏቴ አጠገብ የመጀመሪያ ጎጆውን ገዛ። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ550 በላይ ጎጆዎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ አባላት የከተማ ባለጸጎች ነበሩ፤ ተራራውን የሚያውቁት ግን ከብት ይዘው በጋውን እዚያ የሚያሳልፉ ገበሬዎች፣ አዳኞችና ነጋዴዎች ናቸው። ፍሪትዮፍ ናንሰን በ1884 ከበርገን ወደ ዋና ከተማዋ እነዚህን ተራሮች በስኪ ሲያቋርጥ፣ ከአራት ዓመት በኋላም ግሪንላንድን በስኪ ሲሻገር፣ የከተማው ወጣት ልብ ወደ ተራራ ዞረ። የኋላ ኋላ ለስደተኞች በሠራው ሥራ የ1922 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሸለመው ይኸው ሰው ነው። ተራራ የብሔር ኩራት የሆነው ኖርዌይ ከስዊድን ተለይታ በ1905 ራሷን ከመቻሏ በፊት በነበሩት በእነዚያ ዓመታት ነው።

ማክሰኞ፤ ከፊንሰ ወደ ሸልደቡ

ከመነሳታችን በፊት መምህርቷ በጎጆው መዝገብ ላይ ስማችንን፣ የምንሄድበትን ጎጆና መንገዱን ጻፉ። ብንጠፋ ፈላጊዎች መጀመሪያ የሚገልጡት ይህን መዝገብ ነው። ከሚድዳልስብረን የበረዶ ምላስ የሚወርደውን ውኃ በድልድይ ተሻግረን፣ ግግሩን በስተቀኝ እያየን ወደ ደቡብ ተጓዝን። በረዶው በየዓመቱ እየሸሸ መሆኑን የሚያሳየው ፊት ለፊቱ ያለው የተራቆተ ድንጋይ ነው፤ በዕድሜ የቆየው ድንጋይ ሽበት ሲለብስ፣ በቅርቡ ከበረዶ ሥር የወጣው ግን ገና ራቁቱን ነው። መምህርቷ በወጣትነታቸው በረዶውን በእጃቸው የነኩበትን ቦታ አሳዩኝ፤ አሁን ከዚያ ቦታ እስከ በረዶው ድረስ ሰፊ የድንጋይ ሜዳ አለ። ረዘም ላለ ጊዜ ሳይናገሩ ቆሙ።

ዱካው የሚታወቀው በድንጋይ ክምሮችና በእነሱ ላይ በቀይ ቀለም በተጻፈች የላቲን «ቲ» ፊደል ነው። እንዲህ ምልክት የተደረገበት የበጋ መንገድ በመላ አገሪቱ ወደ 22,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ምልክቱን የሚቀቡት በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈላቸው አባላት ናቸው፤ ዱግናድ ይሉታል፤ የእኛው ደቦ ነው። መምህርቷም ይህን ክፍል የሚያድሱት እሳቸው በመሆናቸው ትንሽ ቆርቆሮ ቀለም፣ ብሩሽና የሽቦ መፈግፈጊያ ይዘው ነበር። አንዱን ምልክት እንድቀባ ፈቀዱልኝ። መጀመሪያ የድሮውን ቀለም ፍርፋሪና የድንጋዩን ሽበት በሽቦው ፈግፍጌ አነሳሁ፤ ቀጥሎ አቧራውን በጨርቅ ጠረግሁ፤ ድንጋዩ እርጥብ ከሆነ ቀለሙ በመጀመሪያው ውርጭ ይላቀቃልና በመዳፌ ነክቼ መድረቁን አረጋገጥሁ። ከዚያ በኋላ ነው ብሩሹ የሚነከረው። ፊደሏ ከሚመጣው ሰው አቅጣጫ በጉም ውስጥ እንድትታይ ሆና መጻፍ አለባት፤ ስለዚህ ከመቀባቴ በፊት ወደ ኋላ ተመልሼ ከሩቅ እንዳያት አደረጉኝ። ምልክት ማብዛትም ጥፋት ነው፤ ቀጣዩ ክምር ከዚህኛው ከታየ ይበቃል ይላሉ፤ ተራራው በቀለም እንዳይሸፈን።

በአንዳንድ መንገዶች ላይ ስለሚታየው የተነጠፈ የድንጋይ ደረጃ ስናወራ፣ በሰው ብዛት የተጎዱ በርካታ የኖርዌይ መንገዶችን ከኔፓል የመጡ የሸርፓ ድንጋይ ጠራቢዎች እንዳነጠፏቸው ነገሩኝ። ልምዳቸውን ከሂማላያ ይዘው መጥተው ለዚህ አገር ተራሮች ደረጃ ሠርተዋል። የኖርዌይ ልማድ ብለን በምንጠራው ነገር ውስጥ የእነዚህ ሰዎች እጅ መኖሩ በግልጽ ሊነገር የሚገባው ነው።

ሸልደቡ ስንደርስ መሽቷል። ይህ ጎጆ ተጓዥ ራሱን የሚያስተናግድበት ነው። መምህርቷ የማኅበሩን ቁልፍ አውጥተው በሩን ከፈቱ። ውስጡ ደረቅ ማገዶ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ሻማ፣ አልጋና ብርድ ልብስ አለው። ጓዳው ውስጥ ደረቅ ዳቦ፣ አጃ፣ ሾርባ፣ ቆርቆሮ ምግብ፣ ቡናና ሻይ በመደርደሪያ ተሰድሯል፤ ዋጋው በግድግዳው ተለጥፏል። የወሰድኩትን እኔው ቆጥሬ፣ እኔው ጽፌ፣ እኔው እከፍላለሁ። የሚጠብቅ ሰው የለም፣ ካሜራም የለም። ሾርባውን ሳነሳ ጓዳው ሞልቶ መቆየቱ አገርን የሚያስከብር ነገር መሆኑ ተሰማኝ። እኛ ስንደርስ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ እሳት አንድደው ውኃ ከጅረቱ ቀድተዋል። አልጋ ቢሞላ እንኳ ዘግይቶ የመጣ ሰው በወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት ያድራል እንጂ ወደ ጨለማ አይመለስም።

ረቡዕ፤ ሸልደቡ

ሌሊቱን ነፋሱ ጣሪያውን ሲመታው አደረ። ንጋት ላይ ጉሙ ከመስኮቱ ባሻገር ያለውን የእንጨት ቤት እንኳ ሸፍኖታል። እኔ ልብሴን ለባብሼ ቦርሳዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ መምህርቷ ግን ከበር ወጥተው ጥቂት ቆመው ተመለሱና ቡና አፈሉ። «ዛሬ አንሄድም» አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ቡናው ላይ ብርቱካንና ክቪክ ሉንሽ የተባለ ቸኮሌት አመጡ። ይህ ቸኮሌት ከ1937 ጀምሮ የተጓዦች ስንቅ ነው፤ በወረቀቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ዘጠኙ የተራራ ደንቦች ታትመዋል። ደንቦቹ በሰፊው የታወቁት በ1967 የፋሲካ በዓል ሰሞን በተራራ ላይ 18 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። ጉዞህን አቅድ፣ የምትሄድበትንም ንገር ብለው ይጀምራሉ፤ ካርታና ኮምፓስ ያዝ፣ በአጭር ጉዞም ቢሆን ለብርድ ተዘጋጅ፣ ራስህንና ሌላውን መርዳት የሚያስችልህን ዕቃ አትርሳ ይላሉ። ስምንተኛው «በጊዜ ተመለስ፤ መመለስ አያሳፍርም» የሚል ነው። መምህርቷ ይህን ደንብ በሙያ ዘመናቸው ለብዙ ተማሪዎች እንዳስተማሩ፣ ያጠኑት ሁሉ ግን ከጉም ፊት ቆመው እንደሚፈተኑበት ነገሩኝ። በኖርዌይ የተራራ ነፍስ አድን ሥራ ለተጎጂው ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ፈላጊዎች የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንድ ሰው በእልኸኝነት ሲጓዝ አደጋ ላይ የሚጥለው የእነዚህንም ሰዎች ነፍስ ነው።

ቀኑን በሥራ አሳለፍነው። ማገዶ ፈለጥን፣ ውኃ ቀዳን፣ ወለል አጠብን። ሥርዓቱ ጎጆውን ለቆ የሚሄድ ሰው ከውጭ እርጥብና ብርድ ለሚገባው እንግዳ ፍልጥና ጭራሮ በምድጃው አጠገብ እንዲተው ያዛል።

ሐሙስ፤ ወደ ክሬክያ

ጉሙ ተነሳ፤ ክሬክያ ወደተባለው ቀጣይ ጎጆ ጉዞ ጀመርን። ሃርዳንገርቪዳ ዛፍ የሌለው ሰፊ አምባ ነው፤ ከመሬት የማይርቀው ቁጥቋጦ በዚህ ሰሞን ቀልቶ ምድሩ ሁሉ የእሳት ቀለም ለብሷል። በአምባው ላይ 3,422 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ብሔራዊ ፓርክ በ1981 የተከለለ ሲሆን በዋናው የአገሪቱ ምድር ካሉት ሁሉ ይሰፋል።

በአንድ ኮረብታ ጥግ መምህርቷ በድንገት እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። በሩቅ፣ በበረዶ ቅሪት ላይ፣ ሬንዲር የሚባሉት የሰሜን አጋዘኖች ነበሩ። በመነጽር ስመለከት ጥጆቹ ከእናቶቻቸው ጎን ቆመው፣ አንዲት ሴት ራሷን ቀና አድርጋ ወደ እኛ ነፋስ ታሸታለች። ተቀመጥን፤ መንጋው በራሱ ጊዜ ተነስቶ ከሸንተረሩ ወዲያ እስኪሰወር ድረስም አልተንቀሳቀስንም።

የእነዚህ እንስሳት ሁኔታ መምህርቷን በእጅጉ ያሳስባቸዋል። የዱር ሬንዲር በ2021 በወጣው የኖርዌይ ቀይ መዝገብ ለአደጋ ከተቃረቡ ዝርያዎች ጎራ ገብቷል። የእኛ ባቡርና ከደቡቡ ያለው መንገድ ቁጥር 7 የጥንት የመተላለፊያ መስመሮቻቸውን ቆርጠዋል። በስተሰሜን ባለው ኑርድፊየላ በ2016 አእምሮን የሚያጠቃ በሽታ በመገኘቱ ከ2,000 በላይ የሆነው መንጋ በሙሉ እንዲወገድ ተደርጓል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የእረፍት ቤቶች አሉ። በኖርዌይ ከ400,000 በላይ የእረፍት ቤቶች የተሠሩ ሲሆን፣ ቀድሞ ውኃ ከጅረት የሚቀዳባቸው ጠባብ የእንጨት ጎጆዎች ዛሬ መንገድ፣ መብራትና ሙቅ ገንዳ ባላቸው መንደሮች እየተተኩ ነው። ተፈጥሮን የሚወድ ሰው በፍቅሩ ብዛት ሊያጨናንቃት እንደሚችል እዚህ በግልጽ ይታያል። ሁሉም ሰው በነፃ የሚያልፍበት መሬት ሳይታጠር ሊቆይ ይችላል፤ ቤት የተሠራበት መሬት ግን ለሬንዲሩ ታጥሯል፤ ይህን የሚወስኑት ደግሞ ግብር የሚያስፈልጋቸው ወረዳዎች ናቸው። በአንዳንድ ተራሮች የእግር ዱካዎችና ጎጆዎች ለመንጋው ሲባል እንዲዛወሩ መደረጉን ስሰማ፣ ተጓዡ ራሱ ቦታ መልቀቅ የጀመረ መሆኑ ተስፋ ሰጠኝ።

ዓርብ፤ በኡስታኦሰት በኩል ወደ ኦስሎ

ከክሬክያ ወደ መንገድ ቁጥር 7 ወርደን አውቶቡስ ያዝን። ኡስታኦሰት ላይ በስተግራ ረጅሙ የሃሊንግስካርቨት ገደል ይታያል። ፈላስፋው አርነ ኔስ በ1930ዎቹ መጨረሻ ትቨርጋስታይን የተባለች ጎጆውን የሠራው ከዚያ ገደል ሥር፣ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በ27 ዓመቱ ፕሮፌሰር የሆነው ይህ ሰው በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ለሰው በሚሰጡት ጥቅም ሳይመዘኑ በራሳቸው ዋጋ እንዳላቸው አስተምሯል። ትምህርቱም በወረቀት ላይ አልቀረም፤ በ1970 የማርደላ ፏፏቴን ለኤሌክትሪክ ኃይል ለመጥለፍ በተነሳው ዕቅድ ላይ ከተቃዋሚዎች ጋር በቦታው ተቀምጦ ፖሊስ ተሸክሞ አውጥቶታል። መምህርቷ ጎጆዋን ለማየት አንድ ጊዜ እንደወጡና በነፋሱ ብርታት መቆም እንዳቃታቸው ነገሩኝ።

ቅዳሜ፤ ኦስሎ

በቢግደይ የሚገኘው የሕዝብ ባህል ቤተ መዘክር የሰሜን ስካንዲኔቪያ ቀደምት ነዋሪ ስለሆነው የሳሚ ሕዝብ የሚያሳይ ክፍል አለው። አብራኝ የሄደችው የእህቴ ልጅ የሥራ ባልደረባ ስትሆን ከሬንዲር አርቢ የሳሚ ቤተሰብ የተወለደች ናት። እስካሁን ያየሁት ሁሉ ተራራን ለእረፍት የሚወጡበት ሰዎች ዓለም ነበር። ለእሷ ቤተሰብ ተራራው የሥራ ቦታ ነው፤ አባቷ በማዕበል ውስጥ የሚወጡት መንጋው እዚያ ስላለ ነው።

የፎሰንን ነገር ያነሳችልኝ እሷ ናት። በመካከለኛው ኖርዌይ በፎሰን ልሳነ ምድር የቆሙት 151 የነፋስ ተርባይኖች የሳሚ አርቢዎችን የክረምት ግጦሽ ይዘዋል። የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2021 በሙሉ ድምፅ ፈቃዱ የአርቢዎቹን የባህል መብት የሚጥስ ነው ሲል ፈረደ። ተርባይኖቹ ግን መሽከርከራቸውን አላቋረጡም። ፍርዱ ከተሰጠ 500 ቀናት ሲያልፉት፣ በ2023፣ ወጣት ሳሚዎች በኦስሎ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን በር ዘግተው ተቀመጡ። በመጨረሻም በታኅሣሥ 2023 እና በመጋቢት 2024 ከሁለቱ የአርቢ ቡድኖች ጋር ስምምነት ተደረገ፤ ተርባይኖቹም ሳይነቀሉ ቀሩ። የመተላለፍ መብትን ያህል በጥንቃቄ የጠበቀ አገር በዚያው ምድር ላይ ከብቱን ለሚያሰማራው ሕዝብ ፍርድ ቤት የሰጠውን መብት ለማስፈጸም ይህን ያህል ጊዜ መፍጀቱ ከባድ ነገር ነው፤ ስለ ኖርዌያውያንና ስለ ተፈጥሮ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ አይገባውም።

እንደ እኔ ያለ ተጓዥ በሰሜን ቢያልፍ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። ከሚያዝያ 1 እስከ ነሐሴ 20 ውሻን አስሮ መሄድ ሕግ መሆኑን፣ በግንቦት የሚወልዱት እናቶች ከደነገጡ ጥጃቸውን ጥለው እንደሚሸሹ ነገረችኝ። «መንጋ ካየህ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እይ፤ ቁጭ በል፤ ካለፉ በኋላ ሂድ። ካላለፉ ደግሞ በሌላ መንገድ ዙር፤ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው የሚጨምርብህ» አለችኝ።